የቀዛፊው ሁለተኛ ዓይን

«ሁለተኛ ዓይን ጨምሪለት» አሉኝ።

ሦስት ሆነው ነበር የመጡት፤ የጀልባ ማኅበሩ ኮሚቴ ናቸው። እኔ የግድግዳ ሥዕሌን ሰማይ እያደስኩ መሰላል ላይ ነበርኩ፤ እጄ እስከ ክርኔ በቀለም ተነክሯል። በትክክል የሰማሁ ስላልመሰለኝ ሳልወርድ «ምን?» አልኩ። ሊቀመንበሩ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ እያንዳንዷን ቃል መርጠው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በጣታቸው ወደ ግድግዳው ጠቁመው፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚነገር ቀስ አድርገው ደገሙልኝ።

«ለሰውየው። ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። አንድ ጨምሪለት።»

ሰውየው ታንኳ ቀዛፊ ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚሻገሩ ሰዎች ጀልባ የሚጠብቁበት አዳራሽ አለ፤ በአዳራሹ ረጅም ግድግዳ ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ። ከደንገል በተሠራ ታንኳው ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ፣ የቀርቀሃ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ሰድዶ፣ ከግድግዳው ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለሚሄድ በጎኑ ነው የሚታየው። በጎኑ የሚታይ ሰው ደግሞ አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ወረድኩ። ቁጣዬ አይዘገይም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ እስቲ ወደ ሐይቁ ይዙሩልኝ» አልኳቸው።

ጨዋ ሰው ናቸውና ዞሩ።

«አሁን እኔ እዚህ ቁሜ ሳይዎ አንድ ዓይንዎን ብቻ ነው የማይ። ታዲያ ምን ልበልዎ? ሰይጣን ልበልዎ?»

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ወደ እኔ ተመለሱና በሁለቱም ዓይናቸው አዩኝ።

«እኔማ ሰው ነኝ» አሉ። «እሱ ሥዕል ነው። አንች የመሪጌታ ልጅ ሁነሽ ይህ ይጠፋሻል?»

አልጠፋኝም። ያበገነኝም እሱ ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ዜማውንም ቅኔውንም ተምረዋል፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን በቀለም ነው። እኔ ያደግኩት አቡጀዲ ተወጥሮ ሙጫ ሲቀባ፣ ቀለም ሲበጠበጥ፣ የመቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ሲሞላ እያየሁ ነው። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ያወቅኩት አንድ ሕግ ነበር፤ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፣ ክፉ አንድ። መላእክት፣ ሰማዕታት፣ ደጋግ ነገሥታት ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በትልልቅ ዓይኖቻቸው ያዩናል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጅራፍ የያዘው ወታደር በጎናቸው ናቸው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮና ሹል አፍንጫ። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም። ሰዉ ግን ያውቀዋል። የእኛ አገር ሰው ሥዕል ፊት ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን ይቆጥራል።

ልጅ ሳለሁ አባቴን በጥያቄ አሰለች ነበር። አንድ ቀን ጻድቁ ከተራራው በልጦ ተሥሎ አየሁና «ሰው እንዴት ከተራራ ይበልጣል?» አልኳቸው። ብሩሻቸውን ሳያነሡ «ይኼኛው ይበልጣል» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ሥዕል ላይ ያው ቅዱስ ሦስት ጊዜ ተሥሎ አገኘሁት፤ በግራ በኩል በር ላይ ቆሟል፣ መሃል ላይ መንገድ ይሄዳል፣ በቀኝ በኩል ተንበርክኳል። ሦስት መንትያዎች ናቸው ብዬ ነበር። አባቴ ሳቁብኝ። «አንዱ ሰው ነው» አሉ። «ሲሄድ ነው የምታይው። ዓይንሽ ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ አብሮሽ ይሄዳል።» ይኸን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እንቅስቃሴን በቆመ ግድግዳ ላይ እንዲህ አድርገው ነበር የያዙት፤ ሰውየው አይንቀሳቀስም፣ የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ክፉ ሰው ለምን አንድ ዓይን እንደሚሰጠውም ጠይቄያቸዋለሁ። «ዓይን ለዓይን እንዳትጋጠሙ ነው» አሉኝ። «ቅዱሱ እያየሽ ነው፤ አንችም ታይዋለሽ፤ ትለምኝዋለሽ። ከክፉው ጋር ግን ምን ጉዳይ አለሽ?»

አዲስ አበባ ሄጄ ሥነ ጥበብ ስማር በመጀመሪያው ዓመት አንድ መምህራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በፕሮጀክተር አሳየን። ከእኛ አካባቢ ነበር፤ የሣለው አባቴ ይሁኑ ሌላ ሰው አላውቅም፣ ቀለሙን ግን አወቅኩት። መምህሩ በእንጨት እየጠቆመ «እዚህ ርቀት የለም፣ ጥልቀት የለም፣ እንቅስቃሴ የለም። ሠዓሊዎቹ አያውቁትም ነበር» አለ። እጄን ሳላወጣ ተነሣሁ። «እንቅስቃሴ አለ» አልኩ። «ይኼ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ተሥሏል። እየሄደ ነው።» ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። በዚያ ትምህርት ያገኘሁት ውጤት እዚህ የሚነገር አይደለም።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ያ ሰው ያስተማረኝን ወደድኩት። ፐርስፔክቲቭ ማለት ሩቁ እያነሰ፣ መስመሮቹ እየተጠጋጉ ሄደው አንዲት ነጥብ ላይ ሲጠፉ ማሳየት ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት የማደሪያችንን ኮሪደር ነበር። ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ አስቀምጬ፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ በሮቹን ሁሉ ወደ እሷ ሳብኳቸው። ስጨርስ ወረቀቱ ውስጥ መግባት የሚቻል መሰለኝ። በደስታ ብቻዬን ሳቅኩ። በእርሳስ ጠፍጣፋ ነገር ላይ መንገድ መክፈት! ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላማረኝም።

ለእረፍት ስመጣ ለአባቴ ያሳየኋቸው የሰፈራችንን የሰባታሚትን መንገድ ነበር፤ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ መሃል ላይ ሩቅ እየሄደ የሚቀጥን አቧራማ መንገድ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት፣ ቀረብ አድርገው ያዙት።

«ግድግዳውን ቀደድሽው» አሉኝ።

ምስጋና መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የመቅደስ ግድግዳ ከበስተጀርባው ታቦቱ ነው ያለው፤ ሠዓሊው ግድግዳውን ያለብሰዋል እንጂ በሐሰት መንገድ አይበሳውም፤ ይህን ነው ያስረዱኝ። በእሳቸው ዘንድ ሥዕል ማለት ከግድግዳው ወደ እኛ የሚመጣ ነው። የእኔ ደግሞ እኛን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። «ማታለል ነው» አሉ፤ በቁጣ አይደለም፣ ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው። ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሥዕሌን ለማየት መጥተው አያውቁም። እኔም ኑ አላልኩም። እልህ ከእሳቸው የወረስኩት ነው።

አሁን ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። የጀልባ ማኅበሩ ሰዎች የመጠበቂያ አዳራሻቸው ግድግዳ ተፋፍቆ አስጠልቷቸው «አንድ የሚያምር ነገር ሥሪልን» ሲሉኝ ምን እንደምሠራ ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ለመምህሬም ለአባቴም የምሰጠው መልስ ሆዴ ውስጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ተቀምጦ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየሠራሁ ሁለት ወር ፈጀብኝ። የአዳራሹ ወለል በካሬ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ሲባጎ በምስማር አስሬ፣ የእውነተኛውን ወለል መስመሮች እየተከተልኩ ግድግዳው ላይ ቀጠልኳቸው፤ ድንጋዩ ግድግዳው ጋ ሲደርስ አይቆምም፣ ውስጥ ገብቶ መርከብ መቆሚያ ይሆናል፣ መቆሚያው እየጠበበ ውሃው ላይ ይዘልቃል፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ደሴት፣ ከዚያ ጭጋግ። ትኬት መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ላየው ሰው ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ከወንዛዬ ጠበል የሚመለሱ ባልና ሚስት መጡና፣ ሰውየው ትኬት የምትቆርጠውን ሴት «ይኼኛው ወደብ መቼ ነው የሚከፈት?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ስትነግረኝ መሰላል ላይ ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። በሕይወቴ ካገኘሁት ሽልማት ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ርቀቱ እንዲህ ተሳካ። እንቅስቃሴው ግን አስቸገረኝ። ቀዛፊውን መጀመሪያ ወደ እኛ እንዲያይ አድርጌ ንድፉን አወጣሁት። ቆመ። በቃ፣ ፎቶ ለመነሳት የተቀመጠ ሰው ሆነ፤ ታንኳውም አብሮት ቆመ። ትንሽ ብቻ አዞርኩት፣ አሁንም ቆመ። ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ሳዞረው፣ ትከሻውን ከወገቡ አስቀድሜ ወደ ፊት ሳጋድለው፣ ከፊቱ ሰፊ ባዶ ውሃ ስተውለት፣ ከኋላው ያለውን ሞገድ ጠጋ ጠጋ አድርጌ ከፊቱ ያለውን ሳሰፋው፣ ታንኳው ሄደ። እጄን ከግድግዳው ላይ አንሥቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። የሰውየውን ፊት ያዞርኩት ስለ ሰይጣንም ስለ ጻድቅም አስቤ አልነበረም። ስለ ውሃ ብቻ ነበር የማስበው። የመሪጌታ ልጅ፣ በዓይን ቆጠራ ያደግኩ፣ እንዲያ ያለ ነገር ረሳሁ። ይህን ስሕተት ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ ይቅርታ ይደረግለት ነበር።

ከታንኳው በላይ አንዲት ነጭ የውሃ ወፍ አለች፤ ሦስት ጊዜ ነው የሣልኳት። ከውሃው ስትነሣ፣ ክንፏን ስትዘረጋ፣ ከፍ ብላ ስትሄድ። ሰው ሦስት ወፍ ይላታል። አንዲት ናት። እሱን ከማን እንደወሰድኩት ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ ነገሩን ያነሱት አንዲት እናት ናቸው። ለንግሥ ወደ ገዳም ሊሻገሩ መጥተው፣ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ቀና አሉና ተመልሰው ቆሙ። ትኬት ቆራጯ «ምነው እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» ብትላቸው «እኔስ ከይሁዳ ሥር አልቀመጥም» አሉ። አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ቀና ብለው ቆጠሩ፤ አንድ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ወንበር የሚጠጋው ከሩቅ የመጣ እንግዳና ስልኩን ይዞ ፎቶ የሚነሳ ወጣት ብቻ ሆነ። ወጣቶቹ ወደዱት፤ ታንኳው ላይ የተሳፈሩ መስለው ይነሳሉ። ትልልቆቹ ግን ጀልባ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ መቆም መረጡ። አዛውንት ሰው በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ ሲቆም ማየት አልወደድኩም፤ ያን ያህል ልበ ደንዳና አይደለሁም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ትኬት ቆራጯ ደወለችልኝ። ሄጄ ሳየው የቀዛፊው ዓይን ተፍቋል። በድንጋይ ይሁን በቁልፍ አላውቅም፤ ኖራው ወጥቶ ሲሚንቶው እስኪታይ ድረስ ተቦርቡሯል። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሰይጣን ዓይን ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ምእመናን በጥፍራቸው ፍቀው ያጠፉታል። እኔም በልጅነቴ አንድ ፍቄያለሁ። አሁን ግን የተፋቀው የእኔ ነው። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚሸሸው ወንበር ላይ፣ ተናድጄ አለቀስኩ። ከዚያ ሲሚንቶውን በስቱኮ ደፍኜ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ ዓይኑን መልሼ ሣልኩት። አንድ ዓይን። ያን ጊዜ ነው ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች የመጡት፤ ያን ጊዜ ነው ሊቀመንበሩን ሰይጣን ልበልዎ ያልኳቸው።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያ ነው የሚከብደው። «እኔ ሥዕሉን ጠልቸው አይደለም» አሉኝ ሊሄዱ ሲሉ። «ደስ ይለኛል። ወፎቹም ደስ ይሉኛል። ግን ጥር ማርያም ሲደርስ ይህ አዳራሽ በሰው ይሞላል፤ ያን ጊዜ ምን ልበል? አንዲት ዓይን ናት። ምን ይጎድልብሻል?»

«ይቆማላ!» አልኩ።

«ማን?»

«ታንኳው! ሁለት ዓይን ካደረግሁበት ይቆማል። ፊቱን ወደኛ ካዞርሁት ወደ ደሴቱ መሄዱን ይተዋል።»

ተያዩ። ግድግዳ ላይ ያለ ታንኳ ይቆማል ብላ የምትጮህ ሴት ምን ትመስል እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል። ሊቀመንበሩ የውሳኔያቸውን ቃል መርጠው ተናገሩ፤ እስከ ቅዳሜ ዓይኑ ይጨመራል፣ አለዚያ ግድግዳው በኖራ ይቀባል።

«ቅቡት» አልኳቸው። «ኖራውን እኔው በጥብጨ አመጣላችኋለሁ። ዓይን ግን አልጨምርም።»

አራት ቀን ሙሉ ለራሴ ደግሜ ደጋግሜ ያልኩት ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ኮሪደር እየሣልኩ ሳለ ሐሳቤ ኖራው ላይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያየሁት ውሃ ነጭ ሲሆን ይታየኝ ነበር። ግን ቢያንስ የሚሄድ ሆኖ ይጠፋል እልና እጽናናለሁ። ዓርብ ከሰዓት ትኬት ቆራጯ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ሰዎቹ ሰባታሚት ሂደው ነበር» አለችኝ። «አባትሽ ዘንድ። እርስዎ ይጨምሩልን ብለዋቸው፣ እሽ ብለዋል።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ ጥፋቱ የስልኩ ይመስል። ኖራውን ችዬው ነበር። ኖራ የባዕድ እጅ ነው፤ ይመጣል፣ ይቀባል፣ ይሄዳል። የአባቴን እጅ ግን አውቀዋለሁ። ከሺህ እጅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሥዕሌን አንድ ቀን እንኳ ሊያዩ ያልመጡት ሰው፣ ሊያርሙት ሊመጡ ነው፤ በሰው ፊት፣ ከተማው ሁሉ በሚያልፍበት አዳራሽ። ያ ከሆነ ለእኔ ሥዕሉ ብቻ አልነበረም የሚጠፋው። ከዚያ ወዲያ አባቴን በየትኛው ዓይኔ እንደማያቸው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከእሳቸው ቀድሜ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ነበር፤ ወደ ገዳም የሚሻገሩ ሴቶች ነጠላቸውን ተጣፍተው፣ ጆንያ ይዘው የሚጠብቁ ወንዶች፣ ሦስቱ ኮሚቴዎች ከነቃለ ጉባኤ መዝገባቸው። አባቴ በባጃጅ መጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወረዱ፤ ብሩሾቻቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ሰው ሁሉ ተነሣላቸው፤ ቄስ ባይሆኑም ቄስ የሚያስመስላቸው ነገር አላቸው፣ መስቀል ሊሳለም የቀረባቸውም ነበር። እኔ አልተነሣሁም፤ ቆሜ ነበርና። ግድግዳው ፊት፣ ቀዛፊው ሥር፣ ጀርባዬን ለእሱ ሰጥቼ ቆሜ ነበር።

«እንዴት አደርሽ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አባዬ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ» አልኩ። «እርስዎ ዓይን ቢጨምሩበት ተቀይሜ ብሩሽ እጥላለሁ ብየ አላስፈራራዎትም። ብሩሽ አልጥልም። ነገ መጥቸ አጠፋዋለሁ። ተነገ ወዲያ መልሰው ቢሥሉት ተነገ ወዲያ አጠፋዋለሁ። ጥር ማርያምም ቢሆን፣ ሰው ቢሞላም አጠፋዋለሁ።»

አንዲት ሴት «ኧረ ለአባት እንዲህ አይባልም!» አለች። አባቴ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ዝም አሰኟት።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁም? እንግዲህ ዘወር በይልኝና ልየው።»

ዘወር አልኩ። ይህን ያህል ብቻ ነበር የምችለው፤ ልየው ሲሉኝ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ወደ ኋላ እየሄዱ፣ እየሄዱ፣ ማንም ሳይነግራቸው ትኬት መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ያችን ቦታ እግራቸው አገኛት። እኔ ሥዕሉን ትቼ ፊታቸውን ነበር የማየው። መጀመሪያ ወለሉን አዩ፣ ወለሉ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ተከተሉት፣ ውሃው ላይ ወጡ። ከዚያ ራሳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ በጣም በቀስታ አዞሩ።

«ወፏ አንዲት ናት?» አሉ።

«አዎ። አንዲት ናት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው የቀለም ጣሳውን አቀበሏቸው። አባቴ ጨርቁን ፈትተው ቀጭኑን ብሩሽ መረጡ። ያን ብሩሽ አውቀዋለሁ፤ የዓይን ብሩሽ ነው፣ ለሌላ ነገር አይነኩትም። መሰላሉን አልፈለጉም፤ ታንኳው ዝቅ ያለ ስለሆነ የቀዛፊው ፊት ከእሳቸው ፊት ጋር ይተካከላል። ተጠጉ። ከቅርብ ሲታይ ምንም አይደለም፤ የቡናማና የሰማያዊ ጭረት ነው። የግራ እጃቸውን አውራ ጣት የሰውየው አፍንጫ ላይ አደረጉ። ሠዓሊዎቹ ፊት የሚለኩት እንዲህ ነው፤ ከአፍንጫው ተነሥተው ወደ ግራ አንድ ጣት፣ ወደ ቀኝ አንድ ጣት፣ እዚያና እዚያ ዓይን። ወደ ግራ ለኩ፤ የሣልኩትን ዓይን አገኙት። ወደ ቀኝ ለኩ፤ ጣታቸው ከፊቱ ወጥቶ ውሃው ላይ አረፈ።

እንደገና ለኩ። ጣታቸው እንደገና ውሃው ላይ አረፈ።

ብሩሹን እንደያዙ ቆሙ። ውጭ የጀልባ ሞተር ለመነሣት ሲያስል ይሰማል። አባቴ ጉንጫቸውን ከግድግዳው ጋር ሊያገናኙ እስኪደርሱ ራሳቸውን አስጠግተው፣ ከቀዛፊው ፊት በስተቀኝ በኩል ሆነው ለማየት ሞከሩ፤ ሰው ከማዕዘን አልፎ ለማየት እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀና አሉ።

«ቦታ የለም» አሉ።

«ምን አሉ፣ መሪጌታ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ዓይኑን የማስቀምጥበት ቦታ የለም። ከወዲያ በኩል ነው ያለ።»

ሊቀመንበሩ ግራ ገብቷቸው ግድግዳውን አዩ። «ከወዲያ በኩል ያለውማ የኛ መጋዘን ነው» አሉ።

«ከሰውየው ወዲያ ነው የምልህ። ይኸኛው ዓይኑ በኛ በኩል ነው፣ ያኛው በሐይቁ በኩል። ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ እኛን የሚያይበት ጊዜ የለውም። እኛም የምንለምነው ነገር የለም፤ ይሂድ።»

ብሩሹን ሳይነክሩት መልሰው ጨርቁ ላይ አስተኙት። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀዛፊው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደጅ ፀሐይ ላይ ቆመው ከሚያዩት ሴቶች አንዷ ገብታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቀጥላም ሌላዋ።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ታዲያ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብየ ልጻፍ፣ መሪጌታ?»

አባቴ ወደ እኔ እያዩ ነበር የመለሱላቸው።

«ሁለት ዓይን አለው ብለህ ጻፍ።»